የእንግዳ ምላስ

አለቃችን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ የጀመረው ከሳቸው አፍንጫ ስለሆነ ነው። አፍንጫቸው ከሳምንቱ አጋማሽ ጀምሮ ድፍን ብሎ ነበር፤ አጠገባቸው ጎማ ቢቃጠል አይሸታቸውም። ግን "አሞኛል" ማለት አይወዱም፤ አለቃ ከታመመ መሥሪያ ቤቱ የሚፈርስ ይመስላቸዋል። እሳቸው "ደህና ነኝ" አሉ፣ እኛም "በጣም ደህና ነዎት" አልናቸው። ባስነጠሱ ቁጥር አቧራውን እየረገምን ቅዳሜ ጠዋት በኪራይ ሚኒባስ ወደ ገጠር ወጣን።

እኛ የአንድ ፍራሽ ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል ሠራተኞች ነን። ጉዞው "የሠራተኛውን መንፈስ ለማደስ" የተዘጋጀ ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር መታደስ የፈለገው የአለቃችን መንፈስ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ትልቅ ግብዣ ላይ ባለሀብቶቹ ሁሉ ስለ ወይን ጠጅ ሲያወሩ እሳቸው የሚሉት ጠፍቷቸው፣ ዳቦ እየቆረሱ አምሽተው ነበር። ያ ነገር ከነከናቸው። ከዚያ ወዲህ ወይን የሚገባቸው ሰው ለመሆን ቆርጠው ተነሡ፤ ቪዲዮ አዩ፣ ብርጭቆ ማሽከርከር ተለማመዱ፣ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሻይ እያሽከረከሩ ሸሚዛቸው ላይ አፈሰሱት። በመጨረሻም አባትና ልጆች ብቻቸውን የሚሠሩበት አንድ ትንሽ የወይን ጠጅ ቤት ገጠር ውስጥ እንዳለ ሰሙና ሁላችንንም ሰብስበው ይዘውን ሄዱ።

"ቤተሰብ የሠራው ወይን ነፍስ አለው" አሉ ሚኒባሱ ውስጥ፣ በመሐረብ ውስጥ ሆነው።

"ነፍስ! ዋናው ነፍስ!" አለ ምክትላቸው።

ምክትላቸውን በሌለበት ገደል ማሚቶ እንለዋለን። አለቃችን የተናገሩት ሁሉ እሱ ጋ ደርሶ ትንሽ ጎላ ብሎ ይመለሳል። በዚህ ችሎታው ዕድገት በዕድገት ላይ አግኝቷል። ከሱ ቀጥላ ሒሳብ ሹሟ ትመጣለች፤ እሷ አትናገርም፣ አለቃችንን በስልኳ ትቀርጻለች። ሲስቁ ትቀርጻለች፣ ሲያዛጉ ትቀርጻለች፣ የመኪና በር ሲከፍቱ ሳይቀር ትቀርጻለች። የኔ ሥራ ደግሞ ቅሬታ መቀበል ነው። ፍራሹ መሃሉ ጎደጎደ፣ ሞላው ወጋኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ የሚል ደንበኛ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። መቀበል ነው እንጂ ቅሬታ ማቅረብ በሥራ ድርሻዬ ውስጥ የለም።

ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከኮረብታ ሥር ያለ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ከኋላው ወይኑ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ ሽቅብ ይወጣል። ደጁ ላይ አሮጌ የእንጨት መጭመቂያ፣ ተገልብጠው የሚደርቁ ጀሪካኖችና የተጠቀለለ የውሃ ጎማ አለ። ባለቤቱ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ትልቅ ቁልፍ አንጠልጥለዋል፣ በተራመዱ ቁጥር ጭናቸውን ይመታቸዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። "ይቺ ልጄ ናት" አሉን ሴቲቱን ትከሻዋን እቅፍ አድርገው፤ "የእጇን ሥራ ዛሬ ትቀምሳላችሁ።" ከዚያ በአገጫቸው ወደ በርሜሎቹ እየጠቆሙ "ያ ደግሞ ወንድሟ ነው" አሉ። ወንድምየው በርሜል እያንከባለለ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ በወይን የተነከረ፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰላም ብሎን ወደ በርሜሉ ተመለሰ።

የምድር ቤቱ በር ዝቅ ያለ ነው፤ አለቃችን ግንባራቸውን ገጩና "በሩ ባሕርይ አለው" አሉ። "ባሕርይ!" አለ ገደል ማሚቶ፤ ከሳቸው በአንድ ክንድ የሚያጥረው ሰውዬ ተንጠራርቶ ግንባሩን ገጨ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። የረጠበ እንጨትና የፍሬ ሽታ ይሸታል፤ አፍንጫ ላለው ሰው ማለቴ ነው። ሽማግሌው ስለ ወይኑ ለመናገር ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አለቃችን "ግድ የለም፣ ራሴ ልለየው" ብለው አንዱ በርሜል ላይ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ የማይሠራውን አፍንጫቸውን ቀዳዳው ላይ ደቀኑና በረጅሙ ሳቡ።

"ቆዳ..." አሉ። "አዲስ ቆዳ። ከኋላው ደግሞ የዝናብ ሽታ አለው።"

"እሱ ባዶ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ትናንት ነው ያጠብነው።"

ሒሳብ ሹሟ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ገደል ማሚቶ ግን ደሞዙን የሚበላው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ነው። "ጋሼ የሸተታቸው እኮ የነበረው ወይን ነው" አለ። "ያለውንማ ማን ያቅተዋል? የነበረውን ማሽተት ግን..." ቃል አልቆበት እጁን ወደ ጣሪያው አነሣ። አለቃችን ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። እኔ ሳቄ አፈትልኮ ሊወጣ ሲል በአፌ ላይ እጄን ጭኜ፣ "እጄን ልታጠብ" ብዬ ወጣሁ።

ከምድር ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ዕቃ ማጠቢያ ናት። የሽማግሌው ልጅ ገንዳው ላይ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠቡትን በሁለት ረድፍ ደርድራ፣ በአንዱ ረድፍ ብርጭቆዎች ቀጭን እግር ላይ ቀይ ክር፣ በሌላው ላይ ሰማያዊ ክር ታስራለች። እኔን ስታይ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"እህቴ፣ ቅድም በበሩ አይቼሻለሁ" አለችኝ። "ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መሃል ሳቅ ያፈነሽ አንቺን ብቻ ነው። አንድ ነገር ልለምንሽ?"

"ምን ልታዘዝ የኔ እናት?"

የነገረችኝ ይህንን ነው። በቤታቸው አንድ ሕግ አለ፤ ያወጡት አያቷ ናቸው። አያትየው ከገዛ ወንድማቸው ጋር በርስት ሲካሰሱ ኖረው ምርር ስላላቸው፣ "ከእንግዲህ ከቤታችን ሰው ማንም አይፈርድም፤ ፈራጁ የእንግዳ ምላስ ነው" ብለው ደነገጉ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን በርሜል ይሠራል። አባት ሲደክም፣ ከሩቅ እንግዳ የመጣ ቀን የሁሉም ወይን ለእንግዳው ይቀዳል። የማን የማን እንደሆነ አይነገረውም፤ ፍርድ ላይ መቀመጡም አይነገረውም። በአፉ የሚለው አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ተጋብዞ የማያሞግስ የለም። የሚታየው ብርጭቆው ነው። እንግዶቹ ጠጥተው ብርጭቆው ባዶ የሆነለት ልጅ የምድር ቤቱን ቁልፍ ይረከባል፣ ዕድሜ ልኩን ከወይኑ ጋር ይኖራል። ብርጭቆው ሳይነካ የቀረበት ድርሻውን ይዞ፣ ተመርቆ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

"ቀኑ ዛሬ ነው" አለችኝ። "እንግዶቹም እናንተ ናችሁ። ቀዩ ክር የኔ ነው፣ ሰማያዊው የወንድሜ።"

እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁ። "አይዞሽ! ቀዩን ግጥም አድርጌ ነው የምጠጣልሽ!"

"በፈጠረሽ!" አለች ክንዴን ለቀም አድርጋ። "እንዳታደርጊው። እኔ መሸነፍ ነው የምፈልገው።"

ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ አንድ ቤት ቀጥሯታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። ሙያውን የለመደችው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት አክስቷ ጋ እየሄደች ነው። ስለ ጥርስ ስታወራ ፊቷ በራ። ሰው ስለ ጥርስ እንዲህ በፍቅር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

"ወይን ማለት ለኔ ወገብ ማለት ነው" አለች። "ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ ከርመሽ፣ በረዶ አንዴ ሲጥል ልፋትሽ ሁሉ መሬት ነው። ጥርስ ግን ወዲያው ይደርሳል፤ ሰውዬው መስተዋት አይቶ ሲስቅ ቆመሽ ታዪዋለሽ። ወንድሜ ሌላ ነው። እሱ ከወይኑ ጋር ያወራል፤ ስሰማው እኔ ራሴ አፍራለሁ። ቁልፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልመው ነው የኖረው፣ ይገባዋልም።"

"ታዲያ ለአባትሽ ለምን አትነግሪያቸውም?"

"ነገርኩት። 'እንግዳ ይፍረድ' አለኝ። እኔ እንደማሸንፍ እርግጠኛ ስለሆነ እኮ ነው። ያለ ፍርድ ብሄድ ደግሞ ከዳችኝ ብሎ ደጁን ይዘጋብኛል፤ አውቀዋለሁ፣ አጎቴን እንደዚያ ነው ያደረገው። ተሸንፌ ከሄድኩ ግን መርቆ ይሸኘኛል፤ ናፍቆኝ ብመጣም በሩ ክፍት ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስለዚህ በርሜሌን አበላሸሁት። ክዳኑን ከፍቼ ሙቀት ያለው ጥግ ተውኩት። አቼቶ ሆኗል። ወንድሜ አያውቅም፤ ቢያውቅ ሄዶ ይከድነዋል። የኔም ቢሆን ወይን ሲበላሽ ማየት አይችልም።"

አጠገቧ ካለው ጆግ ጥቂት ቀድታ ሰጠችኝ። ቀመስኩት። ምላሴ ተጠቀለለ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ትከሻዬ ሳላዘው ተነሣ። ሰላጣ ላይ ካልሆነ በቀር ሰው ፊት ሊቀርብ የማይገባው ነገር ነው።

"መቼም ጤነኛ ሰው ይህን አይጨርስም" አለች። "ምናልባት አንዳንዱ በይሉኝታ ልጠጣ ቢል፣ አንቺ ብቻ ጮክ ብለሽ 'ኮምጥጧል' በይልኝ። አንድ ሰው ከተናገረ ሌላውም ይደፍራል።"

"ይሄማ ቀላል ነው!" አልኳት። አንጀቴን በልታው ነበር። በዚያች ሰዓት የአለቃችን አፍንጫ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ጠረጴዛው የተዘረጋው ከቤቱ ኋላ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዳቦና አይብ ቀርቧል፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ብርጭቆ አለ። ልጅቷ ቀዩን ቀዳች፣ ወንድሟ ሰማያዊውን። እሱ ሲቀዳ አየሁት፤ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን እየተጠነቀቀ፣ የእያንዳንዱን ብርጭቆ አፍ በንጹሕ ጨርቅ እየጠረገ ነው። ሽማግሌው በራስጌ በኩል ተቀምጠዋል፣ ከፊታቸው ግን ብርጭቆ የለም፤ በዚያ ቀን የቤት ሰው እንዳይቀምስ ሕጉ ይከለክላል።

ማንም ብርጭቆውን አላነሣም። ሁላችንም አለቃችንን እየጠበቅን ነው። እኛ ዘንድ እሳቸው ሳይጀምሩ የሚጀምር የለም፤ ነገሩ ይጣፍጥ አይጣፍጥ የምናውቀውም ከሳቸው ፊት ነው። መጀመሪያ ሰማያዊውን አነሡ፣ አሽከረከሩ፣ ተጎነጩ። አፍንጫው የተደፈነ ሰው ጥሩ ወይን ሲጠጣ ምን ይሰማዋል? ምንም። "ውሃ ነው" አሉና ገፋ አደረጉት። ቀጥለው ቀዩን ተጎነጩ። ያን ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ አፋቸው ውስጥ አንድ ነገር ተሰማቸው። አቼቶ አፍንጫ አይፈልግም፤ ጉሮሮ ብቻውን ይበቃዋል። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ፊታቸው ቀላ፣ በደስታ ሊበሩ ደረሱ።

"ይሄ ነው!" አሉ ጠረጴዛውን በእጃቸው መትተው። "ይነክሳል! ነፍስ ያልኳችሁ ይሄ ነው!" ገልብጠው ጨረሱትና እንዲጨመርላቸው ዘረጉ።

"ይነክሳል!" አለ ገደል ማሚቶ ገና ሳይቀምስ። ከዚያ ቀመሰ። ሰው ከገዛ ፊቱ ጋር እንዲህ ሲታገል አይቼ አላውቅም፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ሸሸ፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ሸሸ፣ እሱ ግን ችሎ ዋጠው። እንባው በጉንጩ ወረደ። "ይቅርታ" አለ እየጠረገ፣ "ስሜቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ነው።" ሒሳብ ሹሟ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች፣ በሌላው መቅረጿን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ የሽያጭ ክፍሉ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ቀዩን አነሣ። አንዱ እያሳለ "ጥልቀት አለው" ይላል፣ ሌላው ሆዱን ይዞ "ጣዕሙ አይለቅም፣ አይለቅም እኮ" ይላል። የፍራሽ ነጋዴ ሁሉ ባንድ ቀን ወይን አዋቂ ሆነ።

ሰማያዊዎቹ ብርጭቆዎች እንደተሞሉ ቀሩ። እኔ የራሴን ቀመስኩት። የበሰለ ፍሬ ጣዕም አለው፣ ሲወርድ ደረት ያሞቃል፣ ድገሙኝ ድገሙኝ ይላል። ይህን ወይን ነው ውሃ ያሉት። አንገቴን ቀና አድርጌ ሳይ ልጅቷ ጆጉን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ወንድሟ ያልተነኩትን ብርጭቆዎች ከዳር እስከ ዳር ቃኝቶ አንገቱን ደፋ። ፊታቸው የፈካው ሽማግሌው ብቻ ናቸው። "የኔ ልጅ!" ይላሉ ለራሳቸው። "አላልኩም? የኔ ልጅ!"

ቃሌን የምፈጽምበት ሰዓት ደረሰ። እንደ ፈሪ በጎን ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ሰማያዊውን ደግመው ቢሞክሩትስ? እኔን በጣም ጥሞኛል።"

"ውሃ ነው አልኩሽ" አሉ አለቃችን።

"ውሃ!" አለ ገደል ማሚቶ።

ይሄኔ ሰዉ ሁሉ ቀዩ ብርጭቆዬ እንዳልተነካ አየ። ገደል ማሚቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጠጪ እንጂ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። "አልጠጣም" አልኩት። የአለቃችን ፊት ሊዳምን ሲጀምር ይህ ጀግና ብርጭቆዬን ከፊቴ ላፍ አድርጎ ጠጣልኝ። "ዓይን አፋር ናት" አለ እንባውን እየጠረገ። እዚህ ላይ ሐቁን ልስጠው፤ ለአለቃው ሲል የሰው አቼቶ ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ዕድገቱን በነጻ አላገኘም።

ንዴቴ ገነፈለ። ብድግ አልኩ። "ይሄ አቼቶ ነው!" አልኩ። "ኮምጥጧል! ሁላችሁም ታውቃላችሁ! እንባችሁ እየወረደ ምኑን ነው የምታሞግሱት?"

የሁሉም ዓይን ወደ አለቃችን ዞረ። አለቃችን ቀስ ብለው አፋቸውን ጠረጉ። "የቅሬታ ክፍል ሠራተኛ ናት" አሉ ለሽማግሌው ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። "ለምዶባት ነው።" ሳቁ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። አንድ ሰው ከተናገረ ሌላውም ይደፍራል ያለችው ልጅ የሽያጭ ክፍላችንን አታውቀውም።

"አባባ" አልኩ ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ "እባክዎ እርስዎ ይቅመሱት።"

"የኔ ምላስ ዛሬ የታሰረ ነው ልጄ። እንግዳ ፈርዷል፣ አለቀ።"

ያን ጊዜ ልጅቷ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ቅመስ አባዬ" አለች። "ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። ክዳኑን ከፍቼ ነው የተውኩት። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ቅመስና አንተው ራስህ ፍረደኝ።"

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እኮ ገና ስጎነጨው ገብቶኛል" አሉ። "እነዚህን እየፈተንኳቸው ነበር።"

"ፈተና! እኔም ጠርጥሬ ነበር!" አለ ገደል ማሚቶ ሆዱን እያሻሸ።

ሽማግሌው አልሰሟቸውም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ከአጠገባቸው አንዱን ባዶ ብርጭቆ ሳቡ፣ ከጆጉ ራሳቸው ቀዱ፣ አንሥተው ጠጡ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በወይን ላይ የጨረሱ ናቸው፤ እዚያ ከነበርነው ሁሉ የሚያውቅ ምላስ ካለ የሳቸው ነው። ገና በመጀመሪያው ጉንጭ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። አላቆሙም። እስከ አተላው ጠጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ደም መስሏል።

"ጥሩ ነው" አሉ።

"አላልኳችሁም?" አሉ አለቃችን ብድግ ብለው። ገደል ማሚቶ አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከትሎ አጨበጨበ። አሁን ፈተና የነበረው ነገር ተመልሶ ወይን ሆነ።

ልጅቷ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። "አባዬ፣ ለኔ ብለህ ይሄን ከጠጣህ፣ ለኔ ብለህ ልቀቀኝ።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን ዘረጉላት። "ጨምሪልኝ።"

"አባዬ!"

"ጨምሪልኝ አልኩሽ። ያንቺ ነው፣ እጠጣዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ እጠጣዋለሁ።"

ቀዳችላቸው፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጠጡ። መሃል ላይ ትን አላቸውና አሳላቸው፣ እንደምንም ጨረሱት። ጭብጨባው ቆሟል፤ ገደል ማሚቶ እንኳ የሚያስተጋባው አጣ። እኔ ተናድጄ ነበር፣ ደግሞም ማልቀስ አማረኝ። እኛ አለቃ ፈርተን የዋጥነውን እሳቸው ልጅ ወደው ይውጡት እንጂ ውሸቱ ያው አንድ ነው፤ ዕዳው የሚወድቀውም እዚያችው ልጅ ላይ ነው። ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ ብርጭቆውን ሊዘረጉ ሲሉ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው ወንድምየው ተናገረ።

"አባዬ፣ የኔን ቀምሰህ ታውቃለህ?"

ሽማግሌው ዞረው አዩት፤ እዚያ መኖሩን የረሱ ይመስሉ ነበር። "ሕጉን ታውቃለህ" አሉ። "የቤት ሰው አይቀምስም። የሚፈርደው እንግዳ ነው።"

"የሷን ሁለት ብርጭቆ ጠጣህ።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አልተቆጣም። ሽማግሌው ሰማያዊ ክር የታሰረባቸውን፣ እንደተሞሉ የቀሩትን ብርጭቆዎች አዩ፤ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ በልጁ በኩል አኖሩት።

"ሂጂ" አሏት ልጅቷን ሳያዩዋት። "ሰኞ ነው አይደል ያልሽው? ሂጂ፣ መርቄሻለሁ። በሩም ያው በርሽ ነው።"

ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አድርገው "በቃ፣ በቃ፣ የእንግዶቹ መኪና እንዳያመልጥሽ" አሉ። ሽርጧን እየፈታች ሻንጣዋን ልታመጣ ሮጠች። አለቃችን ይህን ሁሉ በጥሞና ሲከታተሉ ቆይተው "ከቀዩ አንድ ጀሪካን ለቢሮ እንወስዳለን" አሉ። "ለቢሮ!" አለ ገደል ማሚቶ፣ ግን ድምፁ እንደ ወትሮው አልጎላም። ሰዉ ሆዱን እየያዘ ወደ ሚኒባሱ ተንጋጋ።

እኔ የረሳሁትን ቦርሳዬን ልወስድ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ሽማግሌው አንዱን ሰማያዊ ብርጭቆ አንሥተዋል። ልጁ ከፊታቸው ቆሟል፤ የተነከሩ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። ሽማግሌው ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት። ደግመው ተጎነጩና ግራ ገባቸው።

"ምንም አይሰማኝም" አሉ። "ያ ነገር አፌን አቃጥሎታል። ምንም አልለይ አለኝ።"

ልጁ እጆቹን ከኪሱ አወጣ።

"ነገ" አሉ ሽማግሌው። "ነገ እቀምሰዋለሁ።"

"እሺ አባዬ" አለ ልጁ። ብርጭቆውን ተቀብሎ በሳሕን ከደነውና የእኛን ባዶ ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረ።